የረቡዕ እንጉዳይ

ወንድሜን ወደዚያ መጠጥ ቤት የጠራሁት ክፍሉን ልጠይቀው ነበር።

ክፍሉ ስፕሪንግፊልድ ባለው ቤቱ ውስጥ፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ ያለው ነው። ጠባብ ነው፤ አልጋ ከገባበት በኋላ የቁም ሣጥኑ በር እስከ መጨረሻው አይከፈትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። አሜሪካ ስመጣ ወንድሜና ባለቤቱ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ተከራይተው ነበር፤ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛ ነበር። በኋላ ቤት ሲገዙ ክፍሉ ለእኔ ሆነ። ከዚያ የባለቤቱ እናት ከአዲስ አበባ መጡ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ፣ እግራቸውንም ሊታከሙ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ተከራይቼ ወጣሁ። ዕቃዬን ያጓጓዝኩት በሥራ ባልደረባዬ መኪና ነው፤ ወንድሜ በዚያ ቀን ሥራ ነበረው። ሁላችንም «ለጊዜው ነው» ተባባልን።

እማማ የምንላቸው እናትየዋ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን የነገረኝ ወንድሜ አይደለም። ትልቋ ልጁ ናት፤ በስልክ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ በእንግሊዝኛ ጣል አደረገችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ና» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ረስተው ይሆናል አልኩ። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ። ክፍሉን ቀለም እየቀቡት ይሆናል አልኩ። በመጨረሻ አፍ አውጥቼ ልጠይቅ ወሰንኩ።

የት እንደምጠይቀው ግን ብዙ አሰብኩ። በስልክ አይሆንም። ወንድሜ ሰው ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ስደውልለት ሁልጊዜ እየነዳ ነው፤ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ መንገድ የምትመራው ሴትዮ መሃል ትገባና «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ትለዋለች። ቤቱ ሄጄም አይሆንም። ባለቤቱ ፊት ጠይቄው እምቢ ቢል እሷ ታፍራለች፤ እሺ ቢል ደግሞ ሳያማክራት ነው። ከሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ እንዳልወስደው ወንድሜ የማያውቀው ጠረጴዛ የለም። ይህን ሲስም፣ ያንን ሲስም፣ የዚያኛውን እናት ጤና ሲጠይቅ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ምሽቱ ያልቃል።

ስለዚህ ጃፓኖቹ ቤት እንገናኝ አልኩት።

ያንን ቤት ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው። ክሪስታል ሲቲ አንድ ሕንፃ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ባቡር ቀይሬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ የከሰል ሽታ ሸተተኝ። ሰዎች እዚህ ከሰል የሚያነዱት በበጋ፣ በጓሯቸው ነው፤ በዚያ ብርድ ከየት መጣ ብዬ ተከተልኩት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጥርስ ሐኪምና በልብስ ንጽሕና ቤት መካከል አንድ ጠባብ በር ላይ አደረሰኝ። በሩን ስገፋ እሳቱ ጋ የቆመው ሰው፣ አስተናጋጇ፣ ጓዳ ዕቃ የሚያጥበው ሳይቀር በአንድ ድምፅ ጮኹ። የተከለከለ ቦታ የገባሁ መስሎኝ መልሼ ልዘጋው ስል አስተናጋጇ ሮጣ ደረሰችብኝ። ለካ የሚገባውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚቀበሉት፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ኦፍ በሆንኩ ቁጥር መሄድ ጀመርኩ። አንዳንድ ሳምንት ከእነሱ በቀር ስገባ ድምፁን የሚያሰማ ሰው አይገጥመኝም።

ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛዎች አሉ፤ እኔ የምቀመጠው ግን እሳቱን ፊት ለፊት የሚያየው ረጅም ባንኮ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ እሳቱን ነው የሚያየው፤ ብቻውን የመጣም ከሰው ጋር የመጣም አይለይም። የእኛ ምግብ ቤት ብቻዬን ስገባ ትሪው ይከብደኛል። ትሪ ክብ ነው፤ ባዶ የሆነውን ወገን ያሳያል። እዚህ ምግቡ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ተሰክቶ ነው የሚመጣው። አንድ ስንጥር ለአንድ እጅ ነው። ማንም አብሮኝ እንዲበላ አይጠበቅም።

ጠባሹ ጃፓናዊ መስሎኝ ስሰነብት የኤልሳልቫዶር ሰው ሆኖ ተገኘ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ጃፓናዊ ነው ያስተማረው። ሥጋው ስንጥሩ ላይ ሲሰካ ጫፉ ላይ ወፍራሙ፣ መያዣው ጋ ቀጭኑ እንደሚሆን ያየሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ እሳቱ ወደ መሃል ስለሚበረታ ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ አንግባባም፤ እሱ በእጁ ያሳየኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ከእሳቱ አጠገብ ያለውን ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ጠየቅሁት። ውስጡ የአኩሪ አተር ሶስ ነው፤ ወፍራም፣ ጣፋጭ። የተጠበሰውን ዶሮ ከነስንጥሩ እዚያ ውስጥ ነክሮ ያወጣና መልሶ እሳቱ ላይ ያደርገዋል። ማሰሮው መቼም ባዶ ሆኖ እንደማያውቅ ነገረኝ። ማታ ያፈሉታል፣ ጠዋት ይጨምሩበታል፤ ሽማግሌው ይህን ቤት ከመክፈቱ በፊት ከነበረው ቤት ይዞት የመጣ ነው። ስንት ዶሮ ገብቶ እንደወጣበት አይታወቅም። የሚጥመውም የዶሮው ስብ ስለሚንጠባጠብበት ነው። የእኛን እርሾ አሰብኩ። እኔ ግን ሁልጊዜ በጨው ነው የማዘው። ሶስ የተቀባ ነገር ምንም ሆነ ምን አንድ ዓይነት ይጥመኛል፤ በጨው ግን እያንዳንዱ ይለያል።

ቀኑን የመረጠው ወንድሜ ነው። «ረቡዕ ይመቸኛል» አለ፣ እኔም እሺ አልኩ። ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው ረቡዕ ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ። እኔ ከሁዳዴ በቀር ብዙም አልጾምም። ወንድሜም አዲስ አበባ ሳለ አይጾምም ነበር፤ ልጆቹ ከተወለዱ ወዲህ ግን ረቡዕና ዓርብ አይስትም። ከባቡሩ እንደወረድኩ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

ጋሼ እለዋለሁ፤ አንቱ ግን አልለውም፣ ራሱ ነው የከለከለኝ።

«አውቃለሁ። ለምን ነገርከኝ?»

«ቤቱ ዶሮ ነው የሚጠብሰው።»

«አትክልት የላቸውም?»

«አላቸው። እንጉዳይ፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ቶፉ።»

«ቢራስ?»

«አላቸው።»

«ታዲያ ቢራ መቼ ተከለከለ? እየመጣሁ ነው፣ አታካብድ።»

ቀድሜ ገብቼ ከባንኮው ዳር ሁለት ወንበር ያዝኩ። አስተናጋጇ ሁለተኛውን ወንበር አይታ ፈገግ አለች። ምን ምን ጾም እንደሆነ ሜኑው ላይ በዓይኔ ለየሁ። ሩዙ ላይ የሚነሰነሰው የዓሣ ብናኝ ስለሆነ ሩዙን ተውኩት። ከዚያ ለወንድሜ የምለውን በሆዴ አዘጋጀሁ። «ጋሼ፣ እማማ ከሄዱ ክፍሉን ልመለስበት?» ይኸው ነው። ኪራይ እከፍላለሁ ልበል አልኩና ተውኩት፤ እሱን ካነሳሁ ይቆጣል።

አመሻሹ ላይ መጣ። ገና በሩን ሲከፍት ሁሉም ጮኹ። እንደ እኔ ወደ ኋላ አላለም። ሁለት እጁን አንሥቶ በአማርኛ «ሰላም ለዚህ ቤት!» ብሎ መለሰላቸው፤ ጎንበስም አለላቸው። ጠባሹ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጡት ባልና ሚስት ሳቁ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ማንንም አስቄ አላውቅም።

«እንዴ! ፓርኪንግ ስፈልግ ሞቼ ነበር» አለና ሳመኝ። «አንተ ፓርኪንግ ትሠራለህ፣ ለወንድምህ አንድ ቦታ አትይዝም?»

«የምሠራው ክሪስታል ሲቲ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ! ቀልድ ነው፣ የኔ ጌታ።»

ትኩስ ፎጣ ቀረበልን። እሱ እጁን ብቻ አይደለም፣ ፊቱን፣ አንገቱን፣ የጆሮውን ጀርባ ጠረገ። «እጅ ማስታጠብ እዚህ ነው ያለው ለካ» አለ። በረዶ በሠራ ብርጭቆ ድራፍት መጣ። መኪና ስላለው ከአንድ እንደማያልፍ ለአስተናጋጇ ነገራት፤ እሷ ሳትጠይቀው።

«እና እዚህ ነው የምትመጣው?» አለኝ ዙሪያውን እያየ።

«አዎ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን! ከማን ጋር ታወራለህ?»

«አላወራም። እሳቱን አያለሁ።»

አየኝ። አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ቢራውን ጠጣ።

ያዘዝኩት መጣ፤ እንጉዳይ፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ሁሉም በጨው። እንጉዳዩን ጎረሰና ቀስ ብሎ አላመጠ። «ጥሩ ነው» አለ፤ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ የሚቀርብለትን ምግብ ጥሩ ነው እንደሚለው። ከዚያ የጎረቤቶቻችንን ሳህን አየ። የእነሱ ያብረቀርቃል።

«ይቺ የምታብረቀርቀውስ?»

«እሱ ዶሮ ነው።»

«ዶሮውን አይደለም፣ ቅባቱን ነው የምልህ። ሶስ ነገር።»

«የአኩሪ አተር ሶስ ነው፣ ግን...»

«አኩሪ አተር! ከአኩሪ አተር በላይ ጾም አለ እንዴ?» እጁን አነሣ። «ሚስ! ማሽሩም፣ ዊዝ ዚስ ሶስ፣ ፕሊስ!» ጣቱን ወደ ሰዎቹ ሳህን ቀሰረ። ባልና ሚስቱ እንደገና ሳቁ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ዝም ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ለአትክልቱ ሌላ ዕቃ ይኖራቸው ይሆናል ብዬ ነው፤ በጨው ስለማዝ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛው፣ ወንድሜ ደስ ብሎት ነበር። ደስ ብሎት ሳለ ነበር ልጠይቀው ያሰብኩት።

ጠባሹን አየሁት። አንድ የዶሮ ጭን ማሰሮው ውስጥ ነክሮ አወጣ። ስቡ ተንጠባጠበ። ቀጥሎ የወንድሜን እንጉዳይ አነሣና እዚያው ማሰሮ ውስጥ ነከረው።

መጣ። ወንድሜ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ኧረ ይሄ ሌላ ነው! አንተ ልጅ፣ ይሄ እያለልህ ነው ጨው የምትልስ?» ሁለተኛ አዘዘ። ኮቱን አወለቀ። ስለ ሥራው ማውራት ጀመረ። በዚያ ጠዋት ከዳለስ ኤርፖርት የጫናቸው ሰውዬ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ሆነው ሌላ ስቴት ያለችውን ስፕሪንግፊልድ ፈልገው እንደመጡ፣ ወደ ራሱ ቤት ወስዶ ቡና እንዳጠጣቸው። ሰውዬውን በድምፁም በፊቱም እየሆነ አሳየኝ። ሳቅሁ። ወንድሜ ሲያወራ ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ ሲያወራ ካየሁት ግን ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሁለተኛው እንጉዳይ መጣ። እያንዳንዱን ሲጎርስ አየዋለሁ። ወሬውን ግማሹን አልሰማሁትም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ እኮ ሄዱ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቅር አይበልህ፣ እኔ ራሴ ልደውልልህ እያልኩ ነው።» ስንጥሩን ወደ እኔ አዞረው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ትልቁን እንጉዳይ በጣቱ መዘዘና ወደ አፌ አመጣው። «እንካ፣ መጀመሪያ ጉርሻ። ስለ ክፍሉ እኔና እሷ ስንነጋገር ነበር፣ ምን አልን መሰለህ...»

አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ ሶሱ ጾም አይደለም» አልኩ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሶሱ በአውራ ጣቱ ላይ ወረደ።

«ምን?»

ነገርኩት። ዶሮው ማሰሮው ውስጥ እንደሚነከር ብቻ ብነግረው ይበቃ ነበር። እኔ ግን ማሰሮው ባዶ ሆኖ እንደማያውቅ፣ ሽማግሌው ከሌላ ቤት ይዞት እንደመጣ፣ የሚጥመው ስቡ ስለሚንጠባጠብበት እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አንዴ ከጀመርኩ ግማሹን ትቼ ግማሹን መናገር አልችልም። ወንድሜ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀምጦ ጣቱን በፎጣው ጠረገ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከዚህ በፊት።»

«ታዲያ ስበላ እያየኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«የመጀመሪያውንም?»

«አዎ።»

«አየህ» አለ። ጮክ አላለም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወይ ሳልበላ ትነግረኛለህ። ወይ ከበላሁ በኋላ ዝም ትላለህ። ያላወቅሁትን እግዚአብሔርም አይጽፍብኝም። አንተ አጻፍክብኝ።»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አይደለም ነገሩ።» ማሰሮውን አየው፤ ጠባሹም እያየን ነበር፣ ምግቡ ላይ ነውር የተገኘ መስሎት። ወንድሜ አውራ ጣቱን አንሥቶ አሳየው፣ ሰውየው ተረጋጋ። ከዚያ ለብቻው ሳቀ። «በቃ። ፈርሷል። በእንጉዳይ ከሚፈርስ በዶሮ ይፍረስ።» አስተናጋጇን ጠራት።

ዶሮው መጣ፤ ጭኑ፣ ልቡ፣ ቆዳው። ቆዳውን አንሥቶ በብርሃኑ አየው። «ቆዳዋን ነው? እናታችን ገፍፋ የምትጥለውን?» በላው። «ይጣፍጣል» አለ፤ መብላቱን ቀጠለ። ለእኔም ገፋልኝ። አብረን በላን። ከዚያ በፊት እዚያ ባንኮ ላይ ከሰው ጋር በልቼ አላውቅም፤ ሊጣፍጠኝ ይገባ ነበር።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ጠየቅሁት።

«ስለ ክፍሉ ምን ልትለኝ ነበር?»

«የቱ?»

«ከእሷ ጋር ስንነጋገር ነበር ብለህ ጀመርክ።»

ስንጥሮቹን ሰብስቦ ለባዶ ስንጥር በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ጨመራቸው። «ልጅቷ ልትገባበት ነው» አለ። «ከታናሿ ጋር መተኛት ሰልችቷታል። የራሴን ክፍል እያለች ነው።»

«እሱን ነው ልትለኝ የነበረው?»

«እንግዲህ...» አለ።

ሊለኝ የነበረው እሱ እንዳልሆነ ድምፁ ላይ ሰማሁ፤ ወይም ሰማሁ መሰለኝ። እስካሁን አላውቅም። ጉርሻ ይዞ እምቢ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

«መመለስ ፈልጌ ነበር» አልኩት። «እሱን ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ።»

ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ወደ እሳቱ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ እሳቱን አየ።

«ልንገርህ?» አለ። «አትቀየመኝም?»

«አልቀየምም።»

«እሷ ትወድሃለች። በልጆቼ! ልጆቹም ይወዱሃል። ግን አንተ ቤት ውስጥ ስትሆን ሰው ዘና አይልም። ወተቱ ጊዜው አልፏል ትላለህ። ቧንቧው ይንጠባጠባል ትላለህ። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ደስ ብሏት ስታሳይህ አንዷን ስህተት ታገኛለህ። እማማን መድኃኒታቸውን ከምግብ በፊት መዋጥዎ ስህተት ነው ብለሃቸው ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ አሞኛል ሲሉ አደሩ።»

«ወረቀቱ ላይ ከምግብ በኋላ ነበር የሚለው።»

«አየህ!» ባንኮውን በመዳፉ መታ፤ ሳቀ ደግሞ። «ትክክል ነህ። ማን ተሳሳትክ አለህ? ሁልጊዜ ትክክል ነህ። እኔ ወንድምህ ነኝ፣ ለምጄሃለሁ። እሷ ግን በራሷ ኩሽና ውስጥ ቆማ ፈተና ላይ ያለች ነው የሚመስላት።»

«ዝም ማለት እችላለሁ።»

«ዛሬ ዝም ብለህ ነበር እኮ» አለ። «ፊትህን ሳየው እኮ ነበር። እንጉዳዩ መርዝ አለው እንዴ ብዬ ነበር።»

 እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«እሷን ላናግራት» አለ።

እኛ ቤት «ላናግራት» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባታችን ትምህርት ቤት ለውጠኝ ስለው እናትህን ላናግራት ይለኝ ነበር። የሚነጋገሩ ሰዎች እንዲህ አይሉም፤ ተነጋግረው ይመጣሉ። «እሺ፣ አናግራት» አልኩት።

ሂሳቡን እሱ ከፈለ፤ ተከራከርን፣ አሸነፈኝ። ስንወጣ እንደገና ጮኹ፤ ለሚወጣም ይጮኻሉ። ወንድሜ አሁንም እጁን አነሣላቸው። በባቡር መንገድ ስር በእግሬ እሄዳለሁ ስለው አልሰማኝም፤ በቫኑ አደርስሃለሁ ብሎ አስገባኝ። ለመንገደኛ የሚያስቀምጠውን የታሸገ ውኃ ሰጠኝ። በመንገድ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አላነሣውም።

ቤቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። «እስቲ ቤትህን ልየው» አለ።

የምገባው በጎን በር ነው። ደረጃው ሲወረድ ራስ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ነግሬው ነበር፣ እሱ ግን ሳቅ ብሎ ዞር ሲል ግንባሩን መታው። ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤቶች የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ልጆች አሏቸው፤ ገና አልተኙም ነበርና ኮርኒሱ ላይ የሚሮጥ እግር ይሰማ ነበር። መብራቱን አበራሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ከጠረጴዛው በላይ ከመሬቱ እኩል የሆነች ጠባብ መስኮት። ወንድሜ ግንባሩን እያሻሸ መሃል ላይ ቆመ። አልጋዬን አየ፤ እንደተነጠፈ ነው። መጻሕፍቱን አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ አልጋው ላይ።

«ጥሩ ቤት ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሞቃት ነው። ደረቅ ነው። አንዳንድ ቤዝመንት እኮ ይሸታል።»

«አይሸትም።»

«ንጹሕ አድርገህ ይዘኸዋል። የኛን ቤት ብታየው፣ ልጆቹ...» አቋረጠ። ከላይ አንድ ልጅ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ እናቱ አንድ ነገር አለችው፣ ዝም አለ። ወንድሜ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ አዳመጠ፤ ቀለል እንዳለው ከፊቱ አየሁ።

«ቤተሰብ አለ እንግዲህ» አለ። «ብቻህን አይደለህም።»

እግራቸውን እንጂ ፊታቸውን እምብዛም እንደማላይ፣ አሁን የወደቀው ሁለተኛው ልጅ እንደሆነ፣ ሲሮጥ ተረከዙን እንደሚያስቀድም፣ ስሙን ግን እንደማላውቅ ልነግረው ነበር። ትክክለኛው ነገር እሱ ነበር። «አዎ፣ ቤተሰብ አለ» አልኩት።

ሻይ ላፍላ ስለው ሌላ ጊዜ አለኝ። እሑድ ና፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል አለኝ። ሳመኝ፤ አንዴ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭተን እንደገና ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ፣ ኮቱ የከሰል ሽታ ይሸት ነበር። ደረጃውን ሲወጣ ራሱን ዝቅ አደረገ።

መኪናው ቶሎ አልተነሣም። መስኮቴን ለአየር ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት አድርጌ ነው የምተዋት፤ በእሷ በኩል ጫማውን ብቻ አየዋለሁ፤ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ስልክ እያወራ ነበር። ልዘጋት ተነሣሁ።

«አለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ አሁን መነሣቴ ነው» ይላል። «ደህና ነው። ቤቱን አየሁት፣ ጥሩ ቤት ነው፣ ሞቃት ነው።» ዝም አለ፤ ባለቤቱ እየተናገረች ነው። ጫማው ወደ አንድ ወገን ዞረ፣ ተመለሰ። «አይ፣ አላነሣም። በጭራሽ! ስለ ክፍሉ ቃል አልተነፈሰም። እንዲሁ ናፍቀኸኝ ነው አለኝ።»

እጄን መስኮቷ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እንደዚያ አላልኩትም ነበር። ያልኩት ሌላ ነው፤ በየትኛው ቃል እንዳልኩትም አስታውሳለሁ። እሷ ፊት እንዳላፍር ብሎ ነው፣ ወይም እሷን እንዳያናግራት፤ ምናልባትም ሁለቱንም። ብጠራው ይሰማኝ ነበር፤ ከጫማው እስከ መስኮቴ አንድ ክንድ አይሞላም። የመኪናው በር ተከፍቶ ተዘጋ። «እንዲሁ ናፍቀኸኝ ነው» ማለቱንም ግን ውሸት ነው ልል አልችልም።